የድባቴ ሕክምናን እስከ መጨረሻው፦ ስልክ መጎርጎር ለሚወድ ሰው

ሕክምና ሁለት ጊዜ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያውን አቋረጥኩ፤ ሁለተኛውን ጨረስኩ። ማቋረጥና መጨረስ ምን ያህል እንደሚራራቁ የገባኝ ሁለቱንም ካየሁ በኋላ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ። ክትትል የማደርግበት ሆስፒታል ለመድረስ ሁለት ታክሲ፣ አንዳንዴም ሦስት እይዛለሁ። በመጀመሪያው ዙር ሁለት ወር ክኒን ዋጥኩ። እንቅልፌ ተስተካከለ፣ ምግብ ጣመኝ። «በቃ ድኛለሁ» አልኩና ቀጠሮዬን ተውኩት። ማንንም አልጠየቅኩም። ከጥቂት ወራት በኋላ ድባቴው ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ በጣም ከባሰብኝ ቀናት በቀር፣ ያልጠላሁት አንድ ነገር ቢኖር ስልክ መጎርጎር ነው። ያለኝ ሴኮንድ ሃንድ የተገዛ ቴክኖ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ አንዱን ሳበራ ሌላውን ሳጠፋ ሰዓቱ ይሄድልኛል። በሁለተኛው ዙር ሕክምናዬን እስከ መጨረሻው እንድዘልቅ የረዳኝ ይሄው ልማዴ ነው። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ መመሪያ ለድባቴና ለጭንቀት ክትትል ላይ ላሉ ሰዎች ነው። ባይፖላር ወይም ስኪዞፍሬኒያ የሚባሉት ሌሎች የአእምሮ ሕመሞች ላሉበት ሰው መድኃኒቱ ለረጅም ዓመታት ሊቀጥል ይችላል፤ እዚያ «መጨረስ» የሚባለው ነገር ሌላ ትርጉም አለው። ቀጠሮ አያያዙና ማስታወሻው ለሁሉም ይጠቅማል። መድኃኒት ስለ መቀነስ የጻፍኩት ግን ከሐኪማችሁ ጋር የምትነጋገሩበት እንጂ ብቻችሁን የምታደርጉት አይደለም።

1. «መጨረስ» ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ

በመጀመሪያው ዙር የቀረብኝ ይህ ጥያቄ ነበር። ሐኪሙን «መቼ ነው የምጨርሰው?» ብዬ አልጠየቅኩትም። ሲሻለኝ የጨረስኩ መሰለኝ።

የድባቴ መድኃኒት መሥራት የሚጀምረው በተዋጠ ማግስት አይደለም። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ደግሞ ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው፣ ብዙ ሰውም የሚተወው እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛው የመተው ጊዜ እንደ እኔ ሲሻል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም መድኃኒቱ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል ይመክራል። ይህን ብሰማ ኖሮ በሁለተኛው ወር አልተውም ነበር።

የንግግር ሕክምናውም የራሱ ልክ አለው። አስተሳሰብና ድርጊት ላይ የሚያተኩረው ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 20 ቀጠሮ ይፈጃል። በእኛ አገር ወረፋው ረጅም፣ ከሐኪም ጋር የሚገኘው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ግቡ። የእኔ አራት ጥያቄዎች እነዚህ ነበሩ፦ ምን ሲሆን ነው ጨረስክ የምትሉኝ? መድኃኒቱን ማን፣ በምን ፍጥነት ይቀንስልኛል? ቢመለስብኝ ያለ አዲስ ሪፈር መምጣት እችላለሁ? እስከዚያ ድረስ በየስንት ጊዜው ልምጣ?

መልሱን እዚያው ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። በድምፅ መቅዳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ። እኔ አስፈቅጄ ቀድቻለሁ፤ ታክሲ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ደግሜ ስሰማው ክፍሉ ውስጥ ሳለሁ ያመለጠኝ ብዙ ነገር ነበር።

ቦታውን በተመለከተ፦ ሰው «አማኑኤል» ሲባል ይደነግጣል። በሰፈራችን እንደ ስድብ የሚጠቀሙበትም አሉ። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ዋና የአእምሮ ሕክምና ቦታ ሆኖ የቆየ፣ ስንቱን ያዳነ ተቋም ነው። ዛሬ ግን በጠቅላላ ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም አገልግሎቱ አለ። ዳር ላይ ለምንኖር ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ክትትሉን ወደ ሰፈሬ ማዛወር ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለትራንስፖርት የሚወጣውን ብርና ከሥራ የሚቀረውን ቀን ይቆጥባል።

2. ቀጠሮና ክኒን፦ የሰዓትና የቀን ጣጣ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ነው።

ካርዴ ላይ «12/7» ተብሎ ተጻፈልኝ። መጋቢት 12 ማለት ነው። እኔ ግን በችኮላ ስልኬ ላይ ሰባተኛው ወር ብዬ ጁላይ ላይ አስቀመጥኩት፤ የስልኩ ካላንደር በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና። መጋቢት 12 በፈረንጆቹ ማርች 21 ነው። ማርች 21 መጣ፣ ስልኬ ዝም አለ፣ ቀጠሮው አለፈ። ያወቅኩት ክኒኑ ሲያልቅ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ለመድኩ። ካርዱ ሲሰጠኝ «ምን ቀን ይውላል?» እላለሁ። ሐሙስ ከተባልኩ ስልኩ ላይ ያስገባሁት ቀን ሐሙስ መሆኑን አያለሁ። ዘመን አቆጣጠሩ ቢለያይም ሐሙስ በሁለቱም ሐሙስ ነው። ካልገጠመ አንድ ስሕተት አለ ማለት ነው። የቀጠሮው ርዕስ ላይም የእኛን ቀን በፊደል እጽፋለሁ፦ «መጋቢት 12 ሐሙስ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ካርድ ያዝ»። ማሳሰቢያውን ሁለት ጊዜ እንዲጮኽ አድርጉት፤ አንዴ ከሦስት ቀን በፊት፣ አንዴ በዋዜማው ማታ። የሦስት ቀኑ አለቃን ለማስፈቀድና የታክሲ ብር ለማስቀመጥ ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ነው። ስልኩ 7፡00 ሲል እኛ አንድ ሰዓት እንላለን። ጤነኛ ሰው በልቡ ስድስት ሰዓት ቀንሶ ያልፋል። ጭንቅላት በደነዘዘበት ወቅት ግን ይቺ ትንሽ ስሌት እንኳ ታደክማለች፤ ማታ የሚዋጥ ክኒን ጠዋት ላይ የሞላ ሰው አውቃለሁ። ለዚህ ያገኘሁት መላ እስካሁን ያስደስተኛል። የስልኩን የሰዓት አፕ ክፈቱ። የዓለም ከተሞች ሰዓት የሚለው ጋ ግቡና የመደመር ምልክቷን ንኩ። ቦነስ አይረስ የሚለውን ከተማ ፈልጋችሁ ጨምሩ። የአርጀንቲናዋ ዋና ከተማ ከእኛ ልክ 6 ሰዓት ወደኋላ ናት። ስለዚህ የእሷን ሰዓት ስታዩ የእኛን አቆጣጠር ታያላችሁ፦ እዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን እዚያ 1፡00 ይላል። ያንን ሰዓት መነሻ ገጹ ላይ አውጡት።

የስልኩን የራሱን ሰዓት ግን አትንኩ። ካላንደሩና አላርሙ ይዘበራረቃሉ። አላርሙንም የምትሞሉት በስልኩ ሰዓት ነው።

የክኒን አላርም ላይ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ስሙን ሰው ቢያየው በማያሳቅቃችሁ ቃል ጻፉ። የእኔ «ውሃ» ነው የሚለው። ወንድሜ ስንት ጊዜ አይቶታል፣ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ሁለተኛ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚጮኽ ሌላ አላርም አስከትሉ። ሦስተኛ፣ ድምፁን ቀይሩ። ከስልኩ ጋር የመጣው ጩኸት በሽታዬን ያስታውሰኝ ነበር። አንድ እሑድ እናቴ ቤት የድምፅ መቅጃውን ከፍቼ ቡና ስትወቅጥ ቀዳሁ። ዘነዘናው ሙቀጫው ላይ ሲያርፍ፣ መሐል ላይ ቆም ስትል፣ እንደገና ስትቀጥል። ሃያ ሰከንድ ቆርጬ የአላርም ድምፅ አደረግኩት። ያንን እየሰማሁ ክኒን መዋጥ ቀለለኝ።

የቴክኖ፣ የኢንፊኒክስና የአይቴል ስልክ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ከኋላ የሚሠሩ አፖችን ይዘጋሉ። የማስታወሻ አፕ ከጫናችሁ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለው ጋ ገብታችሁ ለዚያ አፕ ገደቡን አንሱለት። አለበለዚያ ሳይጮኽ ይቀራል። መብራትም እኛ ሰፈር ሲሄድ ይሄዳል። ፓወር ባንክ ከሌላችሁ ማታ ማታ ባትሪውን አትጨርሱት፤ የቀጠሮውን ቀን ደግሞ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በር ጀርባ ለጥፉ።

ክኒን ብትረሱ በሚቀጥለው ሰዓት ሁለት አትዋጡ። ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ አያሳፍርም።

3. በቀን አንድ መስመር

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «እንዴት ከረምክ?» ትባላላችሁ። ሰው ደግሞ የሚያስታውሰው ያለፈውን ሁለት ቀን ነው። ትናንት ከከፋው ወሩ ሙሉ የከፋው ይመስለዋል።

ስለዚህ ማታ ማታ አንድ መስመር ጻፉ። ልዩ አፕ አያስፈልግም። ቴሌግራም ላይ ለራስ መልእክት የሚቀመጥበት ቦታ ይበቃል፤ ጂቦርድ የሚባለው የስልክ ኪቦርድ ላይ አማርኛ ከጨመራችሁ በፊደላችን ትጽፋላችሁ። የእኔ መስመር እንዲህ ነበር፦ «እንቅልፍ 5፣ ስሜት 3፣ ልብስ አጠብኩ»። የተኛሁት ሰዓት፣ ከ10 የምሰጠው ቁጥር፣ ያደረግኩት አንድ ነገር። ከዚህ በላይ ለመጻፍ አትሞክሩ። ድርሰት የጀመረ ሰው በሳምንቱ ይተወዋል።

እኔ ኋላ ላይ ቁጥሮቹን ጎግል ሺትስ ወደሚባለው የሠንጠረዥ አፕ አስገብቼ ግራፍ አወጣሁ። ይህ ጉርጎራ የሚወድ ሰው ደስታ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ግን አንድ ነገር አሳየኝ። ስሜቴ ከመውደቁ ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት እንቅልፌ ይወርድ ነበር። ሐኪሟ ግራፉን ስልኬ ላይ አየችውና «ይሄን ቀድመህ ብታመጣልኝ ኖሮ» አለችኝ። የዚያን ቀን ውይይታችን ሁሉ እንቅልፍ ላይ ሆነ።

በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ፒኤችኪው 9 የሚባለውን የድባቴ መጠን የሚለካ መጠይቅ መሙላት ትችላላችሁ። ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ነው። በአማርኛም አለ፤ ክትትል የምታደርጉበት ቦታ ጠይቁ። በየቀኑ አትሙሉት፣ ራሳችሁንም አትመርምሩበት። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። እዚያ ላይ መልሳችሁ ከዜሮ ውጭ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ። የዚያኑ ዕለት ለሰው ተናገሩ፣ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ከሰው ጋር ሂዱ።

4. ጉርጎራውን ራሱን ፕሮግራም ውስጥ ማስገባት

የንግግር ሕክምናውን የምትሰጠኝ ሳይኮሎጂስት «ምን ያስደስትሃል?» ስትለኝ አፍሬ ነበር። ሰው መጽሐፍ ማንበብ፣ ስፖርት ምናምን ይላል። እኔ «ስልክ መነካካት» አልኩ። አልሳቀችም። «በቀን ስንት ሰዓት? ብቻህን? ስትጨርስ ምን ይሰማሃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ያስረዳችኝ ይህን ነው። ድባቴ የያዘው ሰው ደስ የሚለውን ነገር ይተዋል፤ ስለተወው የበለጠ ይደበታል። ሕክምናው ደስታ እስኪመጣ መጠበቅ ሳይሆን ትንሽ ነገር በፕሮግራም መጀመር ነው። ደስ የሚልና «ችያለሁ» የሚያሰኝ ነገር። ስልክ መጎርጎር ሁለቱም አለው። ግን መጀመሪያና መጨረሻ ይኑረው አለችኝ። 40 ደቂቃ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በቀን ብርሃን።

ለጀማሪ የሚሆኑ ሥራዎችን ልጥቀስ። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚገልጸው ጋ ግቡና ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ንኩት። ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የሚባል አዲስ ገጽ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ አኒሜሽን ስኬል የሚሉ ሦስት መስመሮች አሉ። ሦስቱንም ከ1 ወደ 0.5 አውርዱ። የድሮ ስልክ ነፍስ ይዘራል፤ ፍጥነቱ ባይጨምርም ገጾቹ ቶሎ ስለሚከፈቱ ዓይን ይደሰታል። ሌላ ቀን ደግሞ አፖቹን አንድ በአንድ እያያችሁ ማን ማይክሮፎን፣ ማን ካሜራ እንደሚጠቀም ፈትሹ። ሌላ ቀን ቻርጅ አልይዝ ያለ ቀዳዳ አጽዱ፤ ስልኩን አጥፍታችሁ በእንጨት ስቴኪኒ፣ ቀስ ብላችሁ። መርፌ አታስገቡ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ኤፍኤም ሬዲዮ ካለው የጆሮ ማዳመጫ ሰኩበት። ገመዱ አንቴና ይሆናል፣ ያለ ዳታ ሬዲዮ ትሰማላችሁ። የእኔ እስካሁን ወጥ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጧል።

ሕጌ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ከመቀየርህ በፊት የነበረውን ጻፍ። አምስት ነገር አንድ ላይ የቀየረ ሰው ስልኩ ሲበላሽ የቱ እንዳበላሸው አያውቅም። ይህን ሕግ ስለ መድኃኒት ስናወራ እመለስበታለሁ።

ፍላሽ ማድረግን፣ ማለትም የስልኩን ሲስተም በሌላ መተካትን፣ በተመለከተ የምነግራችሁ ነገር አለ። አንድ እንቅልፍ ያጣሁበት ሳምንት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ቡትሎደሩን፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ክፍል፣ ልክፈት ብዬ ተነሳሁ። ቡትሎደር ሲከፈት ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። አውቅ ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ጭንቅላቴ ልክ አልነበረም። የጫንኩት ፋይልም የእኔ ስልክ ሞዴል አልነበረም። ስልኩ አልነሳ አለ። የሁለት ወር ማስታወሻዬ አብሮ ሄደ፤ የዚያን ጊዜ ስልኩ ላይ ብቻ ነበር የምጽፈው። ለሦስት ቀን «ምንም የማልረባ ሰው ነኝ» እያልኩ ተኛሁ። ቃሊቲ ያለ ጠጋኝ በአንድ ከሰዓት አስነሳልኝ። ስለዚህ ፍላሽና ሩት (የስልኩን ሲስተም ሙሉ በሙሉ የማዘዝ ፈቃድ ማውጣት) የሚያምራችሁ በሁለተኛ ስልክ፣ በቀን፣ ደህና በሆናችሁበት ሳምንት አድርጉ። የስሜት ማስታወሻችሁን ደግሞ ሌላ ቦታም አስቀምጡት።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ለሰው መሥራት ነው። ጎረቤቴ ያሉ እማማ አንድ ቀን በሩን አንኳኩ። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን ነገር እያት። ልጄ ከቤይሩት ስትደውል እኔ እሰማታለሁ፣ እሷ ግን አትሰማኝም» አሉኝ። ስልኩን አየሁት። ኢሞ ማይክሮፎን እንዳይጠቀም ተከልክሏል፤ የሆነ ቀን ጥያቄው ሲመጣ እምቢ የሚለውን ነክተውታል። ፈቀድኩለት። ፊደሉንም አተለቅኩላቸው። «በሉ እማማ፣ አሁን ይደውሉላት» አልኳቸው። ልጃቸው «እማዬ፣ ዛሬ ሰማሁሽ!» ስትል በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ቡና ሳልጠጣ አልለቀቁኝም። ከሳምንታት በኋላ ሰው ቤት ቁጭ ብዬ ቡና የጠጣሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ብሎኩ ሁሉ ስልክ ያመጣልኝ ጀመር። ማስታወሻዬ ላይ የዚያን ዕለት ስሜት 6 ይላል፤ ሳምንቱን ሙሉ 3 ነበር።

አሁን ሌላውን ጎን። ስልክ መደበቂያም ይሆናል። መጎርጎርና ቲክቶክ ላይ ጣት ማንሸራተት አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሲያልቅ የተሠራ ነገር አለ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ፣ የእናታችሁን ስልክ ካላነሳችሁ፣ ምግብ ከቀዘቀዘ፣ ያ ጉርጎራ መሆኑ ቀርቷል። ዲጂታል ዌልቢንግ የሚባል የስልክ አጠቃቀም መቆጣጠሪያ ያለው ስልክ ከሆነ ለየአፑ የደቂቃ ገደብ ስጡ፣ የመኝታ ሰዓት ላይ ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ እንዲሆን አድርጉ። ቀለም የሌለው ቪዲዮ ቶሎ ይሰለቻል። ስልኩን ማታ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጡት። አላርሙ ሲጮኽ መነሳት ግድ ይሆናል።

5. መድኃኒት ሲቀነስ

መቀነስ የሐኪም ሥራ ነው። የእኔን መጠንና ፍጥነት እዚህ አልጽፍም፤ የእናንተ ሌላ ነውና።

ለምን ቀስ ተብሎ እንደሚቀነስ ግን ማወቅ ይጠቅማል። የድባቴ መድኃኒት በአንዴ ሲቆም ማዞር፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ መነጫነጭ፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካው የመሰለ ስሜት ሊመጣ ይችላል። ፍሉኦክሴቲን የሚባለው የድባቴ መድኃኒት ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ይህ ይቀንሳል፤ ሌሎች ቶሎ ይወጣሉ። ስሜቱ ሲመጣ ሰው «ተመለሰብኝ» ብሎ ይደነግጣል። የመቀነሱ ምልክት ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይጀምርና አካል ላይ ይታያል። ድባቴው ሲመለስ ግን በሳምንታት ውስጥ ነው ቀስ እያለ የሚገባው። ማስታወሻችሁ ላይ የቀነሳችሁበትን ቀን ምልክት አድርጉ። ሐኪሙ ከዚያ ጋር አስተያይቶ ይለየዋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀይር ያልኩት እዚህም ይሠራል። መድኃኒት በሚቀነስበት ወር ቤት አልቀየርኩም፣ ሥራ አልለቀቅኩም፣ ቡና እንኳ እንደወትሮዬ ነው የጠጣሁት። አንድ ነገር ከተዛነፈ ከምን እንደሆነ እንዲታወቅ።

ጾም ላይ ከሆናችሁና የክኒኑ ሰዓት ከጾሙ ጋር ከተጋጨ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ብዙውን ጊዜ ሰዓቱን ማዛወር ይቻላል። ዝም ብሎ መዝለል ግን አይሆንም። ጠበል የምትሄዱም እንደዚያው። እኔ እንጦጦ ጠበል ሄጃለሁ፣ ክኒኔንም አልተውኩም። ሁለቱ አይጣሉም፤ «ክኒኑን ካልተውክ ጠበሉ አይሠራም» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የንስሐ አባታችሁንና ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጫትና መጠጥ ላይ ግን አልደራደርም። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ ጭንቀት ያባብሳል፤ በዚህ ወቅት ከሁለቱም ራቁ።

የተረፈ ክኒን ቤት አታከማቹ። በተለይ አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የድባቴ መድኃኒት ከመጠን ሲያልፍ ገዳይ ነው። ወደ ፋርማሲው መልሱት ወይም እንዲመልስላችሁ ለምታምኑት ሰው ስጡት።

6. ቢመለስስ? እቅዱን ደህና ሳላችሁ አዘጋጁ

ይህን ከሳይኮሎጂስቷ ጋር ሁለት ቀጠሮ ፈጅተን ነው ያዘጋጀነው። ስልክ ላይ አንድ ገጽ ነው።

መጀመሪያ የራሳችሁን ምልክቶች ጻፉ፤ የሌላ ሰው ዝርዝር አይጠቅምም። የእኔ እነዚህ ናቸው፦ ጢሜን አልላጭም። የእናቴን ስልክ አይቼ እተወዋለሁ። እንቅልፍ ከ5 ሰዓት በታች ይወርዳል። ስልክ መጎርጎር ያስጠላኛል። የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። ሁለቱ ለአንድ ሳምንት ከታዩ ለሰው እናገራለሁ፤ ሦስቱ ከታዩ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እሄዳለሁ።

ከዚያ ሦስት ሰዎች ምረጡ፣ አስቀድማችሁም ንገሯቸው። እኔ ለወንድሜ «ጢሜ ካደገ ዝም አትበለኝ» ብዬዋለሁ። ቁጥራቸውን መነሻ ገጹ ላይ አንድ ንክኪ የሚደውል አድርጉት። ሴቲንግ ውስጥ የድንገተኛ ጊዜ መረጃ የሚል አለ። እዚያ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ አለርጂ ካላችሁ እሱን፣ የሚጠራ ሰው ስም ሙሉ። ስልኩ ተቆልፎም ቢሆን ሰው ሊያየው ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ገጹን ወረቀት ላይም ገልብጡትና ለአንዱ ሰው ስጡት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ይሰበራል።

7. የመጨረሻው ቀጠሮ

ቀጠሮዎቹ መራራቅ አለባቸው። የእኔ በየሳምንቱ ነበር፣ ከዚያ በየ15 ቀኑ፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ በሦስት ወር። በመካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ ሲሄድ ራሴን ችዬ መቆሜን አየሁ።

በመጨረሻው ቀን ሦስት ነገር ይዛችሁ ውጡ፦ ምን ተብሎ እንደታከማችሁና የትኛው መድኃኒት እንደሠራላችሁ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ፣ የካርድ ቁጥራችሁ፣ ብትመለሱ በየት በኩል እንደምትገቡ። ሁሉንም ፎቶ አንስታችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አስገቡ። ከወራት በኋላ የሚሆን አንድ የማረጋገጫ ቀጠሮም ጠይቁ። ብዙዎቹ ይሰጣሉ።

ያን ቀን ብታዝኑ አትደንግጡ። እኔ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ከክፍሉ ስወጣ ግን ልቤ ባዶ ሆነ። ለአንድ ዓመት ከምናምን ወር ሁሉን የነገርኳት ሰው ናት። ይህን ለሳይኮሎጂስቷ ቀድሜ ብነግራት ጥሩ ነበር፤ እናንተ ከመጨረሻው ቀጠሮ በፊት ባለው ላይ አንሱት።

በመልስ ታክሲ ውስጥ ስልኬን ከፈትኩ። የክኒኑን አላርም ላጠፋው ነበር። ከዚያ ስሙን ብቻ ቀየርኩት። ሰዓቱም ድምፁም እንደነበረ ነው። አሁንም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የእናቴ ሙቀጫ ይሰማል፣ ስክሪኑ ላይም «እማዬ ጋ ደውል» ይላል።